ከአዋሽ ሰመራ ስንት ሰዓት ነው?

ስልኩን አውጥቶ «ከአዋሽ ሰመራ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ወዲያው ይመጣል። ርቀት የሚያሰሉት ድረ ገጾች በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ይዘረጋሉ። 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እሱን ለአውሮፕላን ፍጥነት ያካፍሉና ግማሽ ሰዓት አካባቢ የሆነ ቁጥር ይሰጣሉ። ስሌቱ ልክ ነው። ችግሩ ከአዋሽ ወደ ሰመራ በመደበኛ ፕሮግራም የሚበር የመንገደኛ አውሮፕላን አለመኖሩ ነው።

ማሽን ነው፣ የተጠየቀውን መለሰ ተብሎ በሳቅ ሊታለፍ ይችላል። ነገር ግን አገርን ከላይ ሆኖ የመለካት ልማድ ከስልኩ በፊት የነበረ፣ ከስልኩም ውጭ በየቢሮው የሚሠራ ልማድ ነው። የሁለት ከተሞች ርቀት ሲነገር የሚታሰቡት ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ መሀል ላይ ያለው ሰው ከሂሳቡ ይወጣል። በአዋሽና በሰመራ መሀል ያለው ደግሞ ባዶ ሜዳ አይደለም። አዋሽ አርባ አለ፣ ገዳማይቱ አለች፣ ገዋኔ አለች፣ ኡንዱፎ አለች፣ አዳይቱ አለች፣ ሚሌና ሎጊያ አሉ። ከእነዚህ ውስጥ አዳይቱን ይዞ ርቀቱን እንደገና ማስላት ብዙ ነገር ያሳያል።

▪️ መጀመሪያ ቁጥሮቹ

ከአዋሽ ሰመራ በአስፓልቱ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ያለው 225 ያህል ሲጨመርበት፣ ከመዲናዋ እስከ ሰመራ ከ580 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በትንሽ መኪና፣ ጎማ ሳይተነፍስ፣ ኬላ ላይ ሰልፍ ሳይኖር፣ ግመል አስፓልቱ ላይ ሳይቆም፣ ከአዋሽ ሰመራ 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ተሳቢ የሚጎትት ሹፌር ይህን ቁጥር ቢሰማ ግን ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

እስኪ አንድ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ነዋሪ «ዛሬስ በአውሮፕላን ነው የምሄደው» አለ እንበል። ሰመራ ያለችው በስተሰሜን ነው። እሱ ግን መጀመሪያ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ቦሌ ድረስ 225 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ 4 ሰዓት ገደማ። ለፍተሻና ለምዝገባ 2 ሰዓት ቀድሞ ይገኛል። ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ይበራል። ድምሩ 7 ሰዓት ነው። ከእሱ ጋር እኩል ተነስቶ በመኪና የሄደው ጎረቤቱ ሰመራ ደርሶ ሻዩን ጠጥቶ ጨርሷል። ስልኩ ግን አሁንም «ግማሽ ሰዓት» ይላል።

የአየሩ ሰዓት ራሱ የደረቅ ሂሳብ ውጤት አይደለም። ከአዲስ አበባ ሰመራ ቀጥታ መስመሩ 395 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመሮች የሚያበራቸው ባለ ፕሮፔለር ዳሽ 8 አውሮፕላኖች በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። በማካፈል ብቻ ቢሆን ከ40 ደቂቃ በታች በሆነ ነበር። ነገር ግን አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነስቶ እስከ መንደርደሪያው ይሄዳል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ለማረፍ አቅጣጫውን ያስተካክላል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት። ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው አንድ ሰዓት ገደማ የሚሆነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። አየር መንገድ ለመንገደኛው ሰዓት ሲነግር ርቀትን ለፍጥነት አካፍሎ ብቻ አይደለም። መነሳትና መድረስ የሚጠይቁትን ሁሉ ይጨምራል፤ ካልጨመረ መንገደኛው ይቆጣል፣ ቀጣይ በረራ ያመልጠዋል። ማለትም ሰዓቱ የሚቆጠርለት ሰው ሲኖር ትክክለኛው ሰዓት ይታወቃል። ለማን ነው የሚቆጠረው የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ።

▪️ ይህ ሸለቆ ድሮም በኪሎ ሜትር አልተለካም

በኅዳር 1926 ዓ.ም. ዊልፍሬድ ቴሲጀር የሚባል፣ አዲስ አበባ የተወለደ እንግሊዛዊ ወጣት ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ተነሳ። ሐሳቡ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ ወንዙ የት እንደሚያልቅ ማየት ነበር። አዋሽ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። ሰውየው በግመል ተጉዞ፣ ከአውሳው ሱልጣን ከመሐመድ ያዮ ፈቃድ አግኝቶ፣ ታጁራ የባሕር ዳርቻ ላይ የደረሰው በግንቦት ነው። ግማሽ ዓመት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ጊዜ የወሰደው የበረሃው ርዝመት ብቻ አልነበረም። ጉዞውን ከጀመረ በኋላ በጸጥታ ምክንያት ተመለስ ተብሎ፣ እንደገና እስኪፈቀድለት ድረስ ሳምንታት አልፈዋል። ግመል በቀን የሚሄደው ርቀት ይታወቃል፤ የማይታወቀው መንገዱ መቼ ክፍት እንደሚሆን፣ ማን ማለፊያ እንደሚሰጥ ነበር። ያኔ የሸለቆው ርቀት የሚለካው በሰላምና በፈቃድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አስፓልት መጣ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው የአሰብ መንገድ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው ነው። በኋላ ከአዋሽ በገዋኔ በኩል ሚሌ የሚገባው መንገድ ሲከፈት ተራራውን መውጣትና መውረድ ቀረ፤ የወደብ መኪና በሜዳው ላይ መክነፍ ጀመረ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ በር ተዘጋ፤ ጭነቱ ሁሉ በጋላፊ በኩል ወደ ጂቡቲ ዞረ። አዲሱ የጂቡቲ ባቡር ሲሠራም ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ ታጠፈ እንጂ ወደ ሰመራ አልመጣም። ስለዚህ ከአዋሽ በስተሰሜን ላለው ሸለቆ አስፓልቱ አንድ ብቻ ነው። ሲከፈት ሁሉም ይከፈታል፤ ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል።

ሲዘጋ ደግሞ ታይቷል። አዳይቱ፣ ኡንዱፎና ሶማሌዎች ገርባ ኢሳ የሚሏት ገዳማይቱ የአፋርና የኢሳ ሶማሌ ማኅበረሰቦች ለዓመታት የተወዛገቡባቸው ሦስት ቀበሌዎች ናቸው። በ2007 ዓ.ም. በተደረሰ ስምምነት በአፋር ክልል ሥር እንዲሆኑ ተወሰነ። በግንቦት 2011 የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ መውጣቱን አስታወቀ። በ2013 ዓ.ም. በወሰኑ ላይ በተነሱት ግጭቶች ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ገዳማይቱ ላይ የደረሰውን ጥቃት ተከትሎ በሶማሌ ክልል የተቆጡ ሰዎች ወደ ጂቡቲ የሚወስደውን መንገድና የባቡር ሐዲድ ዘጉ። ማን ባለመብት ነው የሚለው ሌላ ትልቅ ክርክር ነው፤ እዚህ ላይ አይፈታም። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ከአዋሽ ሰመራ ስንት ሰዓት ነበር? የትኛውም ማሽን አይመልሰውም።

▪️ ኮንቴይነሩና ወላዷ

መንገዱ ሲዘጋ አዲስ አበባ ቶሎ ትሰማለች። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጂቡቲ በኩል የሚያልፍ ነው ይባላል፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ በዚህ አስፓልት ላይ ነው። ነዳጅ የጫነው ቦቴ፣ ማዳበሪያ የጫነው ተሳቢ፣ ስንዴው፣ ብረቱ፣ መኪናው በአዳይቱ ደጃፍ ያልፋል። አንድ ኮንቴይነር ወደብ ላይ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ቢቆይ በየቀኑ የሚከፈልበት ሂሳብ አለ። አስመጪው ይቆጥራል፣ ባንኩ ይቆጥራል፣ ጉምሩክ ይቆጥራል፣ የመርከብ ድርጅቱ ይቆጥራል። ኮንቴይነሩ ከጂቡቲ ሞጆ በስንት ቀን ገባ ተብሎ ስብሰባ ይጠራል።

መጥፎ ነገር አይደለም። ዕቃ በጊዜ መግባት አለበት።

ነገር ግን እዚያው አስፓልት ዳር፣ አዳይቱ ላይ፣ ምጥ የጠናባት ሴት አለች እንበል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ዱብቲ ሆስፒታል ውሰዷት አለ። ዱብቲ ከሚሌም ከሎጊያም ማዶ ነው። አምቡላንሱ ካለ፣ ነዳጅ ካለው፣ ሹፌሩ ከተገኘ ጉዞው ይጀመራል። ከሌለ ቤተሰቡ አስፓልት ዳር ወጥቶ ለሚያልፍ መኪና እጁን ያነሳል። ሌሊት ከሆነ ማን ይቆማል? ሹፌሩም ይፈራል፤ ፈርቶም አይፈረድበትም። ከአዳይቱ ዱብቲ ለመድረስ የሚወስደው ትክክለኛ ሰዓት ሴትዮዋ «ታመምኩ» ካለችበት ደቂቃ አንስቶ አልጋ እስከያዘችበት ደቂቃ ድረስ ያለው ነው። በአየር ቢሰላ ጥቂት ደቂቃ ነው። በአስፓልቱ ቢሰላ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። በእሷ ሰዓት ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊሆን ይችላል።

በአየር መንገዱ ሰሌዳ ላይ የመንገደኛው ሰዓት ተጽፏል። በወደቡ ሰነድ ላይ የኮንቴይነሩ ሰዓት ተጽፏል። የእሷ ሰዓት የት ነው የተጻፈው? ለኮንቴይነር የተቆጠረ ሰዓት ለወላድ ካልተቆጠረ፣ መንገዱ በደጃፏ ቢያልፍም የእሷ መንገድ አልሆነም።

የአደጋውም ነገር እንዲሁ ነው። በዚህ መስመር መኪና ተገለበጠ፣ ግመል ተገጨ፣ ተሳቢ መስመር ስቶ ወጣ የሚል ወሬ ለሚያዘወትር ሰው አዲስ አይደለም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ቦታ፣ ሜዳው ቀጥ ብሎ እንቅልፍ በሚጋብዝበት መንገድ፣ ሌሊት ከብት አስፓልቱ ላይ በሚያርፍበት አገር፣ ሹፌሩ መኪናውን የሚያቆምበት መብራት ያለው ማረፊያ ማግኘት ዕድል ነው። ግመል ከተገጨ ደግሞ ጉዳዩ የኢንሹራንስ ብቻ አይደለም። ግመል ለአርብቶ አደሩ ወተትም፣ ጥሎሽም፣ ባንክም ነው። አንድ ሌሊት የተገጨ ግመል በማግስቱ የሁለት ጎሳ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁሉ ኪሎ ሜትር አይናገርም።

▪️ ዳጉ የሌለው መንገደኛ

አፋር ርቀትን የሚያሸንፍበት የራሱ ዘዴ አለው፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ብቻ አይለያዩም። ቁጭ ይላሉ። ከየት መጣህ፣ ማንን አገኘህ፣ ዝናብ የት ዘነበ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ፣ የት ተጣሉ፣ ማን ታረቀ ይባባላሉ። በዐይን የታየው ከተሰማው ይለያል፤ የሰማውም ከማን እንደሰማ ይናገራል። ከዚያ እያንዳንዱ የያዘውን ይዞ ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል። በዚህ ዓይነት ወሬ ከሰውየው እግር ቀድሞ አገር ያዳርሳል።

ዳጉ ያለ መገናኘት አይሠራም። መንገድ ላይ መቆምን ይጠይቃል። አሁን ደግሞ ስለዚህ ሸለቆ የሚወስኑት ብዙ ሰዎች እንዴት እንደሚጓዙ ይታሰብ። ከቦሌ ይነሳሉ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳሉ፣ ሰመራ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ይቀመጣሉ፣ በማግስቱ ይመለሳሉ። ጊዜ ቆጥበዋል። ገዋኔ ላይ ውኃው ስንት እንደገባ አላዩም። አዳይቱ ላይ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር አልሰሙም። ሚሌ ኬላ ላይ የቆመውን የመኪና ሰልፍ አልጠበቁም። አዳራሽ የገቡት ዳጉ ሳይዙ ነው። ሪፖርት ይዘው ነው፤ ሪፖርት ደግሞ የሚጻፈው ለሚያነበው አለቃ በሚስማማ መንገድ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ አሚባራን፣ ገዋኔን፣ ዱብቲንና አሳይታን ሲያጥለቀልቅ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ሲነሱ፣ አደጋውን መጀመሪያ የሚያውቀው በመንገዱ ላይ ያለው ሰው ነበር። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጎሚስታው፣ ሻይ የምታፈላው እናት፣ ግመል የሚነዳው ልጅ። ከላይ የሚያልፍ ሰው ወንዙን እንደ ብር ክር ቆንጆ አድርጎ ያየዋል።

▪️ ታዲያ አውሮፕላኑ ይቅር?

እዚህ ጋር የሚነሳ ተገቢ መከራከሪያ አለ። «ሚኒስትር 6 ሰዓት፣ 10 ሰዓት መኪና ላይ ይዋል ማለት የሥራ ጊዜ ማባከን ነው፤ የሰመራ በረራ ስንት ዓመት ሲለመን የመጣ ልማት ነው» የሚል።

እውነት ነው። አውሮፕላኑ መቅረት የለበትም። አዲስ አበባ ሕክምና የተጻፈለት በሽተኛ፣ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መምህር፣ ነጋዴው፣ ከውጭ አገር የመጣው የአፋር ተወላጅ በረራው ያስፈልጋቸዋል። ቢበዛና ቢረክስ ደስ ይላል። ችግሩ አውሮፕላኑ መኖሩ አይደለም። ችግሩ አውሮፕላኑ ከመጣ በኋላ «ሰመራ እኮ አንድ ሰዓት ናት» የሚለው ንግግር የመንገዱን ጥያቄ ማረሳሳቱ ነው። ሰመራ አንድ ሰዓት የሆነችው ለቲኬት ገዢው ነው። ለአዳይቱ ሰው ሰመራ ባለችበት ናት።

ሌላም መልስ ይሰጣል፤ «መጀመሪያ ሰላም ይምጣ፣ የወሰኑ ጉዳይ ይፈታ፣ ከዚያ አምቡላንሱም ማረፊያውም ይመጣል» የሚል። ይህ ነገሩን መገልበጥ ነው። የወሰን ክርክር አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ምጥ አሥር ሰዓት አይጠብቅም። የአፋሯም የኢሳዋም ሴት የምትወልደው በዚያው አስፓልት ዳር ነው። ሁለቱንም የሚያደርስ አምቡላንስ የማንንም የወሰን ጥያቄ አያስቀድምም፣ አያስቀርምም። እንዲያውም ሁለቱ ወገኖች አብረው የሚፈልጉት ነገር ካለ ከዚህ መጀመር ይቻላል።

ምን ይደረግ ለሚል ሰው ትልቅ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ሰዓቱ ይቆጠር። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባሉት ቀበሌዎች ከእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የተላከ ሰው ከጥሪው እስከ አልጋው ስንት ሰዓት ፈጀበት የሚለው ይመዝገብ፣ በየሦስት ወሩም ይፋ ይሁን። ኮንቴይነር የሚቆጥር አገር ይህን መቁጠር አያቅተውም።

ሁለተኛ፣ በገዋኔና በሚሌ መካከል ባለው ረጅም መስመር ሌሊትም የሚንቀሳቀስ አምቡላንስ በቋሚነት ይቀመጥ። በመንገዱ የሚነግዱ ሁሉ፣ አስመጪውም፣ የነዳጅ ኩባንያውም፣ የትራንስፖርት ማኅበሩም ቢያዋጡ አንዱ ተሳቢ ከሚጭነው ዕቃ ዋጋ አይበልጥም።

ሦስተኛ፣ ለከባድ መኪና ሹፌሮች መብራት፣ ውኃና ጥበቃ ያለው ማረፊያ ይሠራ። ያረፈ ሹፌር ግመልም ሰውም አይገጭም። ማረፊያ ባለበት ሻይ ቤት ይኖራል፣ ሱቅ ይኖራል፤ ለአዳይቱ ወጣትም ከኬላ ዳር ከመቆም የተሻለ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ መንገድ ሲዘጋ በአፋርኛ፣ በሶማሌኛና በአማርኛ በሰዓቱ ይነገር። «ለምን ቆምን?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያጣ ነው አሉባልታ የሚወለደው፤ በዚህ መስመር ደግሞ አሉባልታ ሰው ያስገድላል።

አምስተኛ፣ ወደ ሰመራ ለሥራ የሚሄድ የመንግሥት ልዑክ ጸጥታው በፈቀደ ጊዜ በአውሮፕላን ሄዶ በመኪና ይመለስ፤ ወይም በመኪና ሄዶ በአውሮፕላን ይመለስ። አንዱን ጉዞ በአየር፣ ሌላውን በምድር። መንገድ ላይ ሦስት ቦታ ይቁም፤ ያለ አጀብ፣ ያለ ባነር። ሻይ ይጠጣ። ዳጉ ይቀበል። አንድ የሥራ ቀን ጠፋ ከተባለ፣ ሳያዩ የወሰኑት ውሳኔ ስንት የሥራ ቀን እንዳጠፋ አብሮ ይሰላ።

ጸጥታው አይፈቅድም ከተባለ ደግሞ እሱ ራሱ ትልቅ መልስ ነው። ባለሥልጣን በወታደር ታጅቦ እንኳ ሊያልፍበት ያልደፈረውን መንገድ ነው እናት ልጇን አዝላ፣ ሹፌር ነዳጅ ጭኖ በየቀኑ የሚያልፈው።

የከተሞች ርቀት በካርታ ላይ አይለወጥም፤ አዋሽና ሰመራ ነገም 325 ኪሎ ሜትር በአየር፣ 360 በምድር ይራራቃሉ። የሚለወጠው ሰዓቱ ነው። ሰዓቱን የሚያሳጥረው ሁልጊዜ ሞተር አይደለም፤ አንዳንዴ የተጠገነ አምቡላንስ፣ አንዳንዴ መብራት ያለው ማረፊያ፣ አንዳንዴም ቆሞ የሚሰማ ሰው ነው። መቁጠር የሚጀምር ቢሮ ካለ ከአዳይቱ ዱብቲ ይጀምር። ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ አንዲት ሴት «ታመምኩ» ካለችበት ደቂቃ ጀምሮ።